የፊተኛው ወንበር

በጋራዡ ውስጥ ሁሉም «ስቱኮ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የተጎዳ የመኪና ገላ በስቱኮ ስትሞላና በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቅ ስለምትውል፣ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ሁልጊዜ ነጭ አቧራ ለብሶ ይታያል። መጀመሪያ ላይ ስሙ ያናድዳት ነበር፤ በኋላ ግን ለመደችው። እንዲያውም በእውነተኛ ስሟ ሲጠሯት ዞር ሳትል ትቀራለች።

ወንድሟ ሞተር ይፈታል፤ እሷ የተሰባበረ ፓራውልትና ፓራፋንጎ፣ የመኪናን የፊት መከላከያና የጎማ ክዳን፣ በፋይበር መልሳ ትሠራለች። እጇ የተመሰከረለት ነው። ቤት ስትገባ ግን እናቷ በር ላይ ቆመው «ዛሬስ?» ይሏታል። ያ «ዛሬስ?» ስለ ባል እንደሚጠይቅ ሁለቱም ያውቁታል። እሷም ሁልጊዜ «ዛሬም አንድ ቶዮታ ብቻ ነው የመጣው፣ እማዬ» ብላ ታልፋቸዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ሁለት የተሰነጣጠቁ ነገሮች በብብቱ ሸጉጦ ጋራዡ ውስጥ ገባ። ከሩቅ ስታያቸው የልጆች መጫወቻ ጀልባ መሰሏት።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር ይጠገናል?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጫማ ነው።»

«የማን ጫማ?»

«የአውሮፕላን።»

እያሾፈባት መስሏት ብርጭቆ ወረቀቷን አስቀምጣ አየችው። ሰውየው ፈገግ እንኳ አላለም። ሥራው አሳንሰር መጠገን እንደሆነ ነገራት። በሥራ ቀን በየፎቁ እየዞረ ሰው የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ሳጥን ሲያስተካክል ይውላል፤ ቅዳሜና እሑድ ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ፣ በገዛ እጁ ከሠራው ትንሽ አውሮፕላን ጋር ነው። የሜዳው ሰዎች «ካፒቴን» ይሉታል፤ ከፊሎቹ በአክብሮት፣ ከፊሎቹ በፌዝ።

ችግሩም እንዲህ ነበር። ሜዳው ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ተሰጥቷል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ሁሉም ለቅቆ ከተራራው ማዶ ወዳለው ሌላ ሜዳ መሄድ አለበት። የሌሎቹ ሞተር ብርቱ ስለሆነ ያለ ሐሳብ ይሻገራሉ። የካፒቴን አውሮፕላን ግን ተራራው ዝቅ በሚልበት አንገት ላይ እንኳ መውጣት አቅቶታል። በመኪና እንዳይጭነው፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው፤ የተራራው መንገድ ደግሞ ጠመዝማዛ በጠመዝማዛ ነው። ወይ ይበራል፣ ወይ በመጋዝ ይቆረጣል።

«መሥራት የጀመርከው መቼ ነው?» አለችው።

«ጠጉሬ ሳይሸሽ» አለና ሰፊ ግንባሩን ዳሰሰ።

ሳትፈልግ ሳቀች። እሱ ግን አሁንም የምሩን ነበር። «ሞተሩ ደካማ አይደለም» አለ። «አየሩ ነው የሚጎትተኝ። ጎማው፣ ቱቦው፣ ሽቦው፣ ያገጠጠ ነገር ሁሉ ይጎትተኛል። ሞተሩ እኔን ወደ ላይ በማውጣት ፈንታ ጉልበቱን ከአየር ጋር ሲታገል ይጨርሰዋል። ያገጠጠውን ሁሉ በሽፋን ካለሰለስኩት አልፋለሁ።»

«ጫማ» ያላቸውን የጎማ ሽፋኖች ተቀበለችው። ከመጠገን አዲስ መሥራት ይሻላል ብላ የቅርጽ ማውጫ ፎርማ ሠራች፤ ከፊት እንደ ጦር የሾሉ፣ ሲታዩ ቆመው እንኳ የሚሮጡ የሚመስሉ ሁለት ሽፋኖች ሠርታ ጠበቀችው። መጥቶ ሲያያቸው አንገቱን አዘነበለ።

«ምነው? አላማረህም?»

«በጣም ያምራሉ። ግን ተገልብጠዋል።»

«እንዴት ተገልብጠዋል? ስለቱ ከፊት ካልሆነ አየሩን በምን ይቆርጠዋል?»

«አየር አይቆረጥም» አለና ሽፋኑን አንስቶ አዞረው። «ከፊት ድቡልቡል ሆኖ ቀስ ብሎ ይከፍለዋል። ከኋላ እየቀጠነ ሄዶ መልሶ ያገናኘዋል። ሳይገናኝ ከቀረ ይሽከረከራል፤ ወደ ኋላ የሚጎትተኝም ያ ሽክርክሪት ነው።»

ይህን ሲል ጣቱ ሽፋኑ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ዓይኗ ጣቱን ተከትሎ ሄዶ፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ቀና ሲል፣ ዓይኑን አገኘው። እሱ ቶሎ ወደ ሽፋኑ ተመለሰ። እሷም «እንግዲያው አዙረህ ግጠመው» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ሥራዋን ስትቀጥል ግን የቱን መኪና እንደያዘች ጠፍቷት ነበር።

በማግሥቱ ሌላ ፎርማ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው መሄድ ሥራዋ ሆነ። አውሮፕላኑን መጀመሪያ ስታየው ትንሽነቱ አስደነገጣት። ከላይ አንድ ረጅም ክንፍ፣ ክንፉን ደግፈው የያዙ ክብ ቱቦዎች፣ ከታች ጠባብ ገላ። ሁለት ወንበር አለው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ሁለቱም ጣሪያ የላቸውም። የሚያበረው ሰው ከኋላ ይቀመጣል፤ የፊተኛው ወንበር የእንግዳ ነው። ባዶውን አፉን ከፍቶ ሰማይ ሰማይ ያያል።

አዲሶቹ ሽፋኖች ተገጥመው በረረ። ሲወርድ ፊቱን አይታ ገባት።

«ምንም?»

«ምንም።»

ቱቦዎቹን አለበሰቻቸው። ትንሽ ተሻለው፤ ተራራውን ለማለፍ ግን አይበቃም። ሞተሩን የሚሸፍነውን ቆርቆሮ አውልቃ በፋይበር ሠራችው። ትንሽ። በጅራቱ በኩል ያሉትን መጋጠሚያዎች ሞላች። ሲበርር ልዩነቱን የከፍታ መለኪያው እንኳ ለማሳየት የሚያፍር ይመስል ነበር። እየፋቀች እጇ ተላጠ። ፋይበሩን በምታጣብቅበት ሬዚን ሽታ ራሷን ያማት ጀመር። አንድ ቀን ያልተስተካከለ ሽፋን በብስጭት መሬት ላይ ስትወረውረው፣ እሱ ምንም ሳይናገር አንስቶ በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ መልሶ ሰጣት። ከዚህ ሰው ያገኘችው ትልቁ የፍቅር ቃል ይህ ነበር።

ምክንያቱም ካፒቴን ስለ አየር እንጂ ስለ ሌላ አይናገርም። አብረው ሻይ ሲጠጡ ስለ አየር፤ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሲሸኛት ስለ አየር። አንዳንዴ ቆም ብሎ ያያትና አፉን ይከፍታል፤ ልቧ ቀጥ ይላል፤ እሱ ደግሞ «እኔ የምለው፣ የጎማው ሽፋን ትንሽ ወደ ታች ቢወርድስ?» ይላል። ጭንቅላቱን በብርጭቆ ወረቀት ልትፍቅለት ትፈልጋለች።

ይባስ ብሎ አንድ ቅዳሜ ከአብራሪዎቹ አንዱ «ካፒቴን፣ ይቺ ቆንጆ ማናት?» ሲለው፣ ቀና እንኳ ሳይል «ፋይበር የምትሠራልኝ ልጅ ናት» አለ። እሷ ከክንፉ በታች ተጋድማ ቱቦ ስትሸፍን ሰማችው። እጇ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች፤ የዚያን ቀን ግን ሻይ አልጠጣም አለች።

ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ወንድሟ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ወዳጅ አለው፤ ጨዋ፣ ቤት ያለው፣ ለትዳር የተዘጋጀ። «አንቺ ልጅ» ይላታል ወንድሟ፣ «ሰውየው በመንገድ ላይ የሚሄድ መኪና አለው። አንቺ ሰማይ ላይ መሄድ ያቃተውን ታስታምሚያለሽ።»

«እኔ ሥራ ነው የምሠራው፣ ወንድም ጋሼ።»

«ሥራ ከሆነ ለምን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊትሽን ትታጠቢያለሽ?»



ጊዜው እየጠበበ ሲሄድ ጋሽ አንበጣ ጣልቃ ገቡ። ወጣት ሳሉ በአውሮፕላን የአንበጣ መድኃኒት ሲረጩ የኖሩ፣ ሜዳው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። «ልጆች፣ በግምት ስትፍቁ ልታልቁ ነው» አሉ። «ገላው ላይ ክር ለጥፉበትና ይብረር። እኔ ከጎኑ እበራለሁ፣ ልጅቷ ከእኔ ጋር ሆና ታያለች። ክሩ ወደ ኋላ ከተኛ አየሩ ሰላም ነው። ከተንቀጠቀጠ ወይ ወደ ፊት ከዞረ፣ ሌባው እዚያ ጋ ነው።»

ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «ትፈሪያለሽ?» አሏት።

«እንጃ ጋሼ፣ በርሬ አላውቅም።»

«በይ፣ ዛሬ ትለይዋለሽ።»

ቀይ የሹራብ ክር ቆራርጠው ገላውን ሁሉ አለበሱት። መጀመሪያ መሬቱ ከእግሯ ሥር ሲለቅ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍተው የካፒቴን አውሮፕላን ከጎናቸው ነበር፤ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ይመስል። በጎማዎቹ ላይ ክሮቹ ተኝተዋል። በቱቦዎቹ ላይ ተኝተዋል። ሥራዋ ነው፤ ደስ አላት። ከፊተኛው ወንበር ዙሪያ ግን ክሮቹ ቆመው ይዘላሉ፣ ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። አየሩ ባዶው ጉድጓድ ውስጥ እየገባ ሲንቦጫረቅ የምታየው ያህል ነበር።

ካፒቴን መነጽሩን ወደ እሷ አዙሮ እጁን አወጣላት። እሷ በጣቷ ወንበሩን አሳየችው፤ ደጋግማ አሳየችው። ፊቱን አዞረ።

ሲወርዱ ሮጣ ሄደች። «አገኘሁት! ወንበሩ ነው፣ የፊተኛው ወንበር! ከላዩ ሽፋን ልሥራለት፣ ልዝጋው። ጨረስን እኮ!»

«አይሆንም» አለ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ወንበሩ አይዘጋም። ሌላ ቦታ ፈልጊ።»

«ሌላ ቦታማ የለም! በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ።»

«ልጅቷ ልክ ናት» አሉ ጋሽ አንበጣ ከኋላ። «እኔም አይቻለሁ።»

ካፒቴን አንገቱን ደፍቶ ክሮቹን አንድ በአንድ ይልጥ ጀመር። እሷ እዚያው ቆማ ቀረች። ያን ሁሉ ፍቃ፣ ያን ሁሉ ተሰቃይታ፣ መልሱ በእጃቸው ሲገባ ሰውየው እምቢ ይላል፤ ያውም ምክንያቱን ሳይናገር።

ምክንያቱን የነገራት የሜዳው ነዳጅ ቀጂ ነው፤ ለወሬ የማይቸግረው ሰው ነው። «አታውቂም እንዴ? እኔም ዝጋው ብዬው ነበር። ‹ወንበሩ ተይዟል› አለኝ። የሆነች ሴት አለች ማለት ነው። ያለ ሴት ወንድ ልጅ እንዲህ ግትር አይሆንም።»

ቤት ስትገባ እናቷ እንደ ልማዳቸው «ዛሬስ?» አሏት።

«ይምጣ» አለች።

«ማን?»

«የመለዋወጫው ሰውዬ። ይምጣና እንየው።»

እናቷ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ቢሆንም ሥራ ጀምራ ማቋረጥ አትወድም። እስከ መጨረሻው ልሥራለትና ሂሳቤን ልዝጋ ብላ፣ የመጨረሻዎቹን መጋጠሚያዎች ሞላች፣ ፋቀች፣ ቀባች። ከካፒቴን ጋር «አቀብለኝ»፣ «ያዥው»፣ «በቃ» ከሚሉት በቀር ቃል አልተለዋወጡም። ሌሎቹ አውሮፕላኖች አንድ በአንድ እየተነሡ ተራራውን ተሻግረው ሄዱ። ሜዳው ከካፒቴንና ከጋሽ አንበጣ በቀር ባዶ ሆነ። በአንደኛው ዳር ዶዘር መጥቶ ቆመ።

ካፒቴንም አንድ ጠዋት ተነሣ። እሷ ከጋሽ አንበጣ ጋር ሆና፣ አውሮፕላኑ ወደ ተራራው እየራቀ ትንኝ እስኪያክል አየችው። ጠበቁ። ትንኙ እንደገና ተለቅ፣ ተለቅ እያለ መጣ። ተመልሷል።

ወርዶ ቆቡን አወለቀ። ፊቱ ላይ የቆቡ ማሰሪያ መሥመር ሠርቶበታል። «አልሆነም» አለ። «የአንድ ቤት ቁመት ነው የቀረኝ።»

ያን ጊዜ የያዘችው ሁሉ ገነፈለ።

«የአንድ ቤት ቁመት! ያ ቁመት የት እንዳለ እኮ ታውቃለህ! እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው! እጄ እስኪላጥ የፋቅኩት ይሄን እንድሰማ ነው? ተይዟል ብለሃል አሉ። ማን ናት? ለማን ብለህ ነው ይሄን ክንፍ በመጋዝ የምታስቆርጠው? ንገራት፣ ትምጣና እሷ ታሻግርህ!»

«መጥታለች» አለ።

«የት አለች?»

«ቆማ እየጮኸችብኝ ነው።»

ጋሽ አንበጣ ወዲያው አንድ የረሱት ነገር ትዝ ያላቸው ይመስል ወደ ነዳጅ በርሜሎቹ ሄዱ።

እሷ ልትጮህበት ከፍታው የነበረውን አፏን ዘጋች። ነፋሱ ባዶው ወንበር አፍ ላይ ያፏጭ ነበር።

«ለምን አትናገርም ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«መጀመሪያ ይሻገር ብዬ ነው። ተራራውን ካለፍኩ በኋላ፣ አንድ ቀን ከፊት አስቀምጬሽ፣ ሰማይ ላይ ልነግርሽ።»

«ሰማይ ላይ? ሞተሩ እያጓራ? ምን እንድሰማ ነው?»

አሰበ። «እሱን አላሰብኩበትም» አለ፤ የምሩን ነበር።

«‹ፋይበር የምትሠራልኝ ልጅ› ያልከውስ?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ለአንቺ ያልነገርኩሽን ለእነሱ ልንገራቸው?»

መሳቅም ማልቀስም አማራት፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡ። እንባዋ ነጩን አቧራ እያጠበ ወረደ። እሱ ሊጠርግላት እጁን አነሣና፣ ግሪስ እንዳለበት አይቶ መለሰው። እሷ እጁን ይዛ ራሷ ፊቷ ላይ አደረገችው።

«ስማኝ» አለች። «ወንበሩ የእኔ ነው አይደል?»

«ያንቺ ነው።»

«እንግዲያው የምወስነው እኔ ነኝ። ይዘጋል።»

የፊተኛውን ወንበር ሽፋን እንደሠራችው ያለ ሌላ ሥራ አልሠራችም። ፎርማውን በእጇ መዳፍ እየዳሰሰች አስተካከለችው፤ ከፊት ድቡልቡል፣ ወደ ኋላ እየተዘረጋ፣ የካፒቴን የፊት መስተዋት ሥር ሄዶ የሚሞት። ጋራዥ ውስጥ ስትሠራው ወንድሟ በአጠገቧ እያለፈ ያጉረመርም ነበር፤ ለመለዋወጫው ሰውዬ «አትምጣ» ብሎ መናገር የወደቀው በእሱ ላይ ነበርና። «እኔን ሰው ፊት ውሸታም አድርገሽኝ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ጉድጓድ ትደፍኛለሽ» ይላል። እናቷ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ግን ምሳ ይዘውላት መጥተው፣ ሽፋኑን በጣታቸው ነክተው፣ «ለስላሳ ነው» ብለው ሄዱ።

የመጨረሻው ቀን ጋሽ አንበጣም ተሻግረው ሄደው፣ ዶዘሩ የሜዳውን ዳር መቆፈር ጀምሮ ነበር። ካፒቴን ከአቧራው መሐል ተነሣ። አውሮፕላኑ ከመሬት ሲለቅ ገና እንደተለወጠ አየች፤ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ እንደ ድሮው ሳይንገዳገድ ይወጣል። ትንኝ አከለ። ጠፋ።

ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። አይጠራም። ኔትወርኩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። ወዲያ ወዲህ እያለች ስልኩን ወደ ሰማይ ታነሣለች። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ስትሰማ ዞረች፤ ወንድሟ ነው፣ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ።

«ጋራዡን ለማን ትተህ ነው?»

«ዘጋሁት» አለና ከጎኗ ቆሞ ተራራውን ያይ ጀመር። ቆየት ብሎ፣ «ቢወድቅስ ብዬ ነው» አለ፤ «ብቻሽን እንዳትሆኚ።» ይህን ብሎ ራሱ በተናገረው ደነገጠ።

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ።

«አለፍኩ» አለ የካፒቴን ድምፅ፣ ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ። «ሰማሽኝ? አለፍኩ። ከሥሬ ድንጋዩን አየሁት፣ አለፍኩት።»

ወንድሟ ስልኩን ከእጇ ወሰደ።

«አንተ!» አለ። «ወንድሟ ነኝ። እንኳን ደህና ገባህ። አሁን ያንን ነገር እዚያው እሰርና፣ እንደ ሰው በአውቶቡስ ተሳፍረህ ና። እናታችን ይፈልጉሃል።»

መጣም። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ የእናቷ ሳሎን ሶፋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እናቷ ከፊት ለፊቱ፣ ወንድሟ በር አጠገብ፣ እሷ ከእናቷ ወንበር ጀርባ።

«እሺ የኔ ልጅ» አሉ እናቷ። «ምን ፈልገህ መጣህ?»

ካፒቴን ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ እኔ የመጣሁት… መቼም ያ ተራራ ከባድ ነው። በተለይ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን አየሩ ወደ ታች ይጫናል፤ እና የልጅዎ ሽፋን ባይኖር ኖሮ፣ ጉተታው…»

«ኧረ በፈጠረህ!» አለ ወንድሟ።

«ይቀጥል፣ ተወው» አሉ እናቷ። እሱ ግን ላብ በላብ ሆኖ ንግግሩ ቆመበት።

ስቱኮ ትዕግሥቷ አለቀ። «እማዬ፣ ሊልሽ የፈለገው እኔን ማግባት እንደሚፈልግ ነው። እኔም እሺ ብያለሁ።»

እናቷ ዞረው አዩዋት። «ጠይቆሻል?»

«አልጠየቀኝም።»

«ታዲያ እሺ ያልሽው ምኑን ነው?»

ወንድሟ በሩን ተደግፎ ሳቁን ለቀቀው። እናቷም ከንፈራቸውን ነክሰው ታገሉ፣ አልቻሉም። በዚህ ሁሉ ሳቅ መሐል ካፒቴን ከሶፋው ተነሣ። ቁመቱ ለሳሎኑ በዝቶ ነበር። በእናቷ ራስ ላይ አሻግሮ እሷን ብቻ አያት፤ ስለ አየርም ስለ ተራራም አልተናገረም።

«ታገቢኛለሽ?» አለ።

ሳቁ ቆመ። እሷ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ እንባዋ በዓይኗ ሞልቶ፣ እንደ ተቆጣ ሰው አየችው።

«እስካሁን የት ነበርክ?» አለችው።